ለብርድም ለእሳትም የሚሆን የፍሬን ሸራ

እትዬ ቀስ ዕድሜ ልካቸውን መኪና መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። መሪ ጨብጦ የሚንቀጠቀጠውን ጎረምሳ፣ ነዳጁን ረግጣ አጥር የምትገጨውን ሙሽራ፣ በስተርጅና መንጃ ፈቃድ ያማረውን አዛውንት፣ ሁሉንም እኩል "ቀስ! ቀስ በል ልጄ! ቀስ!" ሲሉ ስለኖሩ ስሙ ተለጥፎባቸው ቀረ። እሳቸውም አልጠሉትም። እንግዲህ እኚህ ሴት ጡረታ በወጡ ማግስት እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ጎማ ሲያስጮሁ ቢታዩ፣ የሚያውቃቸው ሁሉ ሆዱን ይዞ መሳቁ ምን ይገርማል።

የጣጣው ምንጭ የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ለመሸኛ ሰዓት ወይም ብርድ ልብስ በመስጠት ፋንታ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለው የመኪና ሜዳ አንድ ቀን እንዲነዱ ቲኬት ገዙላቸው። ለቀልድ ነበር። እዚያ ሜዳ ማንም ከማንም ጋር አይወዳደርም፤ ዋንጫም ሽልማትም የለም። ሰው የገዛ መኪናውን ይዞ ይመጣል፣ የራስ ቁር ያጠልቃል፣ በተዘጋው መንገድ ላይ ልቡ የፈቀደውን ያህል ይፈጥናል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ። እትዬ ቀስ አንድ ቀን ነዱ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሳቸው! በየወሩ አንድ እሁድ መሄድ ሆነ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳዘገይ ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልፍጠን" ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ቀና ብለው።

መኪናዋ ግን የሳቸው ብቻ አይደለችም። ከሴት ልጃቸው ጋር አዋጥተው የገዟት፣ ማርሽ ራሷ የምትቀይር፣ አሮጌ ግን ጤነኛ መኪና ናት። ልጅቱ ነርስ ናት። የሚኖሩት አብረው ነው፤ የጠዋት ተረኛ ስትሆን ገና ጎህ ሳይቀድ በዚያችው መኪና ሆስፒታል ትሄዳለች። ያቺ የወሩ እሁድ የእናትየው፣ ሌላው ቀን ሁሉ የልጅየዋ፤ ስምምነታቸው ያስቀና ነበር። የፍሬኑ ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ነገሩ የተጀመረው መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። የሱቁን ባለቤት ሰው ሁሉ "ሊቀመንበሩ" ይለዋል፤ ማኅበር ኖሮት ሳይሆን ከወንበሩ ተነስቶ ስለማያውቅ ነው። መደርደሪያዎቹን እጁ እስከሚደርስበት አስጠግቷቸዋል፤ ያልደረሰበትን በረጅም ዘንግ እየጎተተ ያወርዳል።

"የፍሬን ሸራ ፈልጌ ነው የመጣሁት" አሉት እትዬ ቀስ። "ባለፈው ሜዳው ላይ ብረግጥ ብረግጥ መኪናዋ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ።"

"ፔዳሉ ወደ ታች ሰመጠ ወይስ ደርቆ ቆመ?"

"ደርቆ ቆመ። ግድግዳ የምገፋ ነው የመሰለኝ።"

"እንግዲያው ዘይቱ ደህና ነው። ዘይቱ ፈልቶ ቢሆን ኖሮ እግርዎ ይሰምጥ ነበር። እጅ የሰጠው ሸራው ነው፤ ሙቀቱን አልቻለውም።" ዘንጉን ዘርግቶ ሦስት ካርቶኖች ጠረጴዛው ላይ አሰለፈ። "ይሄ የሰላማዊ ሰው ነው፣ ገበያ ደርሶ ለሚመለስ። ይሄ መካከለኛው ነው፤ ጠዋት በብርዱም ይይዛል፣ ሜዳ ላይም ደህና ሙቀት ይችላል። እዚያው ሜዳ የሚነዳው የጥርስ ሐኪም የሚወስደው ይሄን ነው፤ የሱ መኪና ደግሞ ከእርስዎ ጋር አንድ ዓይነት ናት።"

"ያኛውስ? ጥቁሩ?"

"እሱ የእሽቅድምድም ነው። እሳት ቢወርድበት ንቅንቅ አይልም። ግን እትዬ፣ ካልሞቀ አይይዝም። ሲቀዘቅዝ እንጨት ማለት ነው። ይሄን የሚወስዱ ሰዎች ለሜዳው ቀን ይገጥሙታል፣ ሲመለሱ ፈትተው የመንደሩን ይመልሳሉ።"

"ወገቤ በየጊዜው መኪና ስር መንበርከክ አይችልም።"

"ታዲያ መካከለኛውን ይውሰዱ!"

እትዬ ቀስ ግን የቀረውን ሁሉ በአንድ ጆሯቸው ሰምተው በሌላው አፍስሰውታል፤ ልባቸው የቀረው "እሳት ቢወርድበት" የሚለው ላይ ነው። "ስማ" አሉት፣ ጥቁሩን ካርቶን ወደ ራሳቸው እየጎተቱ፣ "እኔ በፍሬን ያረጀሁ ሴት ነኝ። ስንቱን አጥርና ስንቱን እግረኛ በዚህ እግሬ አድኛለሁ። ስለ ፍሬን ለኔ ልትነግረኝ ነው?" ሊቀመንበሩም እጁን ዘረጋ፣ ሸጠላቸው። ምን ያድርግ፣ ነጋዴ ነው።

ሸራውን የገጠሙት ራሳቸው ናቸው። ግቢ ውስጥ መኪናዋን በክሪክ አንስተው፣ ጎማውን ፈትተው፣ ሸራዎቹን አቅፎ የያዘውን ብረት በሽቦ አንጠልጥለው፣ አሮጌውን አውጥተው አዲሱን አስገቡ። ይህን ሲሠሩ ያፏጫሉ። እሁድ ሲደርስም ሜዳው ላይ ተአምር ሆነ። ቀጥታው መንገድ አልቆ ኩርባው ሲመጣ ይረግጣሉ፣ መኪናዋ ቀጥ ትላለች፤ ደግመው ይረግጣሉ፣ ደግማ ቀጥ ትላለች። ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ አልከዳቻቸውም። ማታ እራት ላይ፣ ልጃቸው ከሥራ ገብታ ዓይኗን መክፈት አቅቷት ሳለ፣ "ጠዋት ስትወጪ ፍሬኑን ትንሽ እየነካካሽ አሙቂው፣ እሺ?" አሏት። "እም" አለች። ይህን ነበር እንግዲህ ማስጠንቀቂያ ብለው የቆጠሩት።

ከቤታቸው ደጃፍ እስከ ዋናው መንገድ ቁልቁለት ነው። በዚያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ልጅቱ ሞተሩን አስነስታ ቁልቁል ወረደች። ከታች የቆሻሻ መኪና ቆሟል፤ ሠራተኛው ገንዳ እየጎተተ ከኋላው ነው። ፍሬን ረገጠች። መኪናዋ አልቆመችም። በሁለት እግሯ ተነስታ ረገጠች። ትንሽ ቀነስ ከማለት በቀር መኪናዋ መንገዷን ቀጠለች። መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘች፣ ጎማው ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር ተላተመ፣ መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች። ሠራተኛው ገንዳውን ለቅቆ ዘሎ ነበር፤ ተነስቶ ልብሱን አራገፈ፣ የሚያውቀውን ስድብ ሁሉ አወረደባት፣ እሷም "ልክ ነህ፣ ልክ ነህ" አለችው።

መኪናዋን እዚያው ትታ በእግሯ ቤት ተመለሰች። እትዬ ቀስ ወጥ ቤት ነበሩ። ልጅቱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ሰው ልገድል ነበር እማዬ።"

እትዬ ቀስ መቀመጫ ፈልገው ተቀመጡ። የሆነውን በሙሉ ነገረቻቸው። "እኔ እኮ ነግሬሽ ነበር፣ አሙቂው ብዬ..." ብለው ጀመሩ፤ የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ግን የቀረውን ዋጡት።

"እኔ እንቅልፌን ያልጨረስኩ ሴት ነኝ። ፍሬን ስረግጥ መኪና መቆም አለበት። መለማመጥ የለብኝም። ያቺን መኪና እስካምናት ድረስ እጄን አላሳርፍባትም፤ ካላመንኳት ደግሞ ትሸጥ። ሜዳሽም ይቅር።" ቦርሳዋን አነሳች፣ ወጥታ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅቱ በአውቶቡስ ሆነች። አውቶቡሱን ለመያዝ ከበፊቱ ቀድማ መነሳት ነበረባት፤ እትዬ ቀስ ደግሞ አልጋቸው ውስጥ ሆነው የበሩን መከፈትና መዘጋት ይሰማሉ። አፈሩ። በሰው መኪና ስንት ሰው ያዳኑ ሴት በገዛ ልጃቸው ላይ ወጥመድ ዘርግተው ነበር፤ ይህን ለራሳቸው ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ግን አፍሮ ቁጭ ማለት የሳቸው ጠባይ አይደለም። ለብርድም ለእሳትም የሚሆን ሸራ ዓለም ላይ ካለ አገኘዋለሁ፣ ልጄም መኪናዋን ትነዳለች፣ እኔም ሜዳዬን አልተውም አሉ። ይህን ያሉት ጥርሳቸውን እየቦረሹ ስለነበር ከራሳቸው በቀር የሰማቸው አልነበረም።

ሊቀመንበሩ ሲያያቸው ገና ከበሩ ሳሉ መካከለኛውን ካርቶን በዘንጉ ጎተተ። "ነግሬዎት ነበር" አላለም፤ ለዚህ ብቻ ሊሳም ይገባው ነበር። "ሸራው የሚጨብጠው ዲስክ ላይ የጥቁሩ ሸራ ትቢያ ተጣብቋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው ያጽዱት። ሁለት ዓይነት ሸራ አንድ ዲስክ ላይ አይስማማም።" እትዬ ቀስ ዲስኩን ብረቱ እስኪያበራ ፈተጉት። አዲሱን ሸራ ገጥመው፣ ባዶ መንገድ ፈልገው፣ ከፍጥነት ላይ ዝግ፣ እንደገና ፍጥነት፣ እንደገና ዝግ እያሉ ከዲስኩ ጋር አለማመዱት። ጠዋት በብርዱ ወጥተው ሞከሩት፤ ገና በመጀመሪያው ንክኪ ይዟል። ደስ አላቸው። "በብርዱ አልፏል፤ የቀረው እሳቱ ነው" ብለው ለልጃቸው ነገሯት። ልጅቱ "እናያለን" አለች፣ አውቶቡሷን ተሳፈረች።

የወሩ እሁድ ሲደርስ ሜዳው ላይ የመጀመሪያው ዙር ደህና ነበር። ሁለተኛውም ደህና ነበር። ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሸተታቸው። ቀጥታው መንገድ አልቆ ትልቁ ኩርባ ሲመጣ ረገጡ፤ ፔዳሉ ደርቆ ቆመ፣ መኪናዋ ግን መሄዷን አልተወችም። ያ የድሮው ግድግዳ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፤ እሳቸው መሪውን ቀጥ አድርገው ያዙና ለዚሁ ተብሎ የተነጠፈው ጠጠር ውስጥ ገቡ። መኪናዋ እስከ ሆዷ ሰምጣ ቆመች። በገመድ ተጎትታ እስክትወጣ ድረስ አጥር ተደግፈው፣ ቁራቸውን ታቅፈው ቆሙ፤ የሚያልፈው ሁሉ እጁን ያነሳላቸዋል፣ እሳቸውም እንደ ጎብኚ ያነሳሉ።

የጥርስ ሐኪሙ መጣ። ሁሌም ከኋላቸው የሚነዳ፣ ዝምተኛና ጨዋ ሰው ነው።

"ተረፉ እትዬ?"

"እኔ ተርፌያለሁ፣ ሸራው ነው የሞተው። አንተም ይሄንኑ ሸራ አይደል የምትጠቀመው? እንዴት ነው ያንተ የማይቃጠለው?"

"እኔም እሱን ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር" አለ፣ እየፈራ እየተባ። "ቀጥታው ላይ ለምንድን ነው ፍሬን የሚይዙት?"

"የትኛው ቀጥታ?"

"ቀጥታው መንገድ ላይ ነዋ። የፍሬን መብራትዎ ቀጥታውን ሙሉ እንደበራ ነው። መጀመሪያ እኔን ለማስፈራራት መስሎኝ ነበር።"

እትዬ ቀስ ደማቸው ፈላ። እሳቸው ቀጥታ መንገድ ላይ ፍሬን ሊይዙ! ይሄን የሚያደርግ ተማሪ ቢያዩ ጆሮውን ይቆነጥጡት ነበር። "የመብራቱ ማብሪያ ተበላሽቶ ይሆናል" አሉ በአጭሩ። ቤት እንደደረሱ ግን ከምንም በፊት ያዩት ማብሪያውን ነው። መኪናዋን ጀርባዋን ለግድግዳ አስጠግተው ፔዳሉን ነኩ፣ ግድግዳው ቀላ፤ ለቀቁ፣ ጠፋ። ማብሪያው ፍጹም ጤነኛ ነበር።

የአራቱንም ጎማ የተቃጠለ ሸራ ፈትተው በጋዜጣ ጠቅልለው ሱቅ ሄዱ። "ሐሰተኛ ነው የሸጥክልኝ" አሉት።

ሊቀመንበሩ ሸራውን አገላብጦ አየ። ጠርዙ ነጥቶ ይፈረፈራል፤ ፊቱ መስታወት ሆኗል። በጥፍሩ ጫረው። ከዚያ ያልታሰበ ነገር አደረገ፤ ከወንበሩ ተነሳ። በሩ ድረስ ሄዶ በፀሐይ ብርሃን አየው።

"ከሐኪሙ ጋር ከአንድ ሳጥን ነው የወጣው እትዬ። የሱን ባለፈው ወር አይቼዋለሁ፤ ሠርቶ ሠርቶ በወጉ የሳሳ ነው። ይሄ ግን አርፎ አያውቅም። ሸራ ይሞቃል፣ ቀጥታው ላይ ንፋስ ያገኛል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል። ይሄንን ማንም አላሳረፈውም። የሆነ ነገር ሁልጊዜ ዲስኩ ላይ ይዞታል።"

"ሸራውን ያቀፈው ብረት ተጣብቆ ይሆን?"

"ቢጣበቅ አንዱ ጎማ ብቻ ይቃጠል ነበር። አራቱም እኩል ነው የነደዱት።" ሸራውን መለሰላቸውና ተመልሶ ተቀመጠ፤ ወደ እግራቸው ግን አላየም።

እትዬ ቀስ መንገዱን ሁሉ ሲያስቡ ሄዱ። የሐኪሙ መብራት፣ የሊቀመንበሩ ዕረፍት ያጣ ሸራ፣ ሁለቱ አንድ ነገር ነው የሚናገሩት። ነገር ግን እግራቸው ፍሬን ላይ እንዳልነበረ ዓይናቸውን ግንባር ያድርገው ብለው ይምላሉ። ሰው የራሱን እግር አያውቅም? ይህን ሊፈርድ የሚችለው አጠገባቸው ተቀምጦ የሚያያቸው ሰው ብቻ ነው። ማለትም አስተማሪ። ለሳቸው አስተማሪ! ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ነገር ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆዩ፤ በመጨረሻ ልጃቸው ዩኒፎርሟን ስትተኩስ አጠገቧ ሄደው ቆሙ።

"የሚመጣው ወር እሁድ አብረሽኝ ሜዳ ትሄጃለሽ? አጠገቤ ተቀምጠሽ እግሬን እንድታዪልኝ ነው።"

ልጅቱ ካውያውን አቆመች። እናቷ በመኪና ጉዳይ አንድን ሰው ርዳታ ሲጠይቁ ሰምታ አታውቅም። "እመጣለሁ" አለች። "ግን እንደ ተማሪሽ አይደለም የምመጣው። የምልሽን ትሰሚያለሽ።"

"እሺ።"

"አትከራከሪኝም።"

"አንቺ ልጅ፣ እሺ አልኩሽ እኮ!"

አዲስ መካከለኛ ሸራ ገጥመው፣ አለማምደው፣ የወሩ እሁድ ሲደርስ ጠዋት ሁለቱም ቁራቸውን አጥልቀው ገቡ። ልጅቱ መንገዱን አላየችም፤ አንገቷን ደፍታ የምታየው የእናቷን እግር ነው። የመጀመሪያው ኩርባ አለፈ። ቀጥታው መጣ። እትዬ ቀስ በቀኝ እግራቸው ነዳጅ ሰጡ።

"እማዬ፣ ግራ እግርሽ!"

"ምን ሆነ?"

"ፍሬኑ ላይ ነው!"

"አይደለም!"

"እያየሁት እኮ ነው!"

እትዬ ቀስ ዝቅ ብለው ማየት አልቻሉም፤ ፍጥነት ላይ ናቸው። ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳባቸውን ወደ ግራ እግራቸው ላኩት። እዚያው ነበር። ፔዳሉ ላይ ለስለስ ብሎ፣ በቤቱ እንዳለ ሰው ተመቻችቶ ተቀምጧል።

በማስተማሪያው መኪና ውስጥ፣ በአስተማሪው ወንበር በኩል አንዲት ትርፍ ፍሬን ነበረች። ተማሪው ሲሳሳት መኪናውን የምታቆመው እሷ ናት። እትዬ ቀስ ግራ እግራቸውን እሷ ላይ አሳርፈው ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት፤ ልባቸው በፈራ ቁጥር ሳያውቁት ጫን ይሏታል። ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ እግራቸው አይደለም። መኪናዋ ማርሽ ራሷ ስለምትቀይር ግራ እግራቸው ሥራ ፈት ነው፤ ሥራ ሲያጣ ወደ ድሮ ሥራው ሄደ። በመንደር ፍጥነት ልባቸው ስለማይፈራ ነገሩ አልታወቀም። ሜዳው ላይ ግን መኪናዋ በፈጠነች ቁጥር እግሩ እየጫነ፣ ቀኙ ሲያስሮጥ ግራው ሲይዝ፣ ሸራው ሲነድ ይውላል። ያ ጥቁሩ የእሽቅድምድም ሸራ እሳቱን ስለቻለ ጥፋታቸውን ተሸክሞላቸው ነበር። በዚያ በብርድ ጠዋት ዋጋውን ልትከፍል የነበረችው ልጃቸው ናት። ይህን እዚያው መሪው ላይ ሆነው አሰቡት።

"አንሺው! ወለሉ ላይ! ከፍሬኑ በስተግራ!" ልጅቱ ትጮሃለች። አነሱት። ከኩርባው ሲወጡ ተመልሶ ሄዷል። "እግር!" አነሱት። "እግር!" አነሱት። ዙር ሙሉ እንዲህ ሆኑ። እግሩን ሲያነሱት መኪናዋ ባልለመዱት አኳኋን ትፈተለካለች፤ አሮጌዋ መኪና ይህን ያህል ጉልበት እንዳላት አያውቁም ነበር። ቀስ በቀስ የልጅቱ ጩኸት እየቀነሰ መጣ። በመጨረሻ አንድ ሙሉ ዙር በዝምታ ዞሩ። ትልቁ ኩርባ ሲመጣ እትዬ ቀስ ረገጡ፣ መኪናዋ ቀጥ አለች። ደግመው ዞሩ፣ ደግማ ቀጥ አለች። የሚሸት ነገር የለም። "አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!" ብለው ጮኹ ቁራቸው ውስጥ።

ሲወጡ መኪናዋ እንድትቀዘቅዝ አቁመዋት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የጥርስ ሐኪሙ ሲያልፍ አውራ ጣቱን አነሳላቸው። እትዬ ቀስ ደስታቸው ከፊታቸው ሞልቶ ፈሷል፤ ልጅቱ ግን ሜዳውን እያየች ውሃዋን ትጠጣለች።

"ምነው? አልሠራም?"

"ሠርቷል።" ጠርሙሱን ከደነችው። "መንዳት ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ አይደል? መንገድ ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ ትቆም ነበር። እኔ ግን ያቆምኳት እኔ ልሁን አንቺ አላውቅም ነበር። አንድም ቀን አላወቅሁም። ፈተና ላይ አንቺ አጠገቤ ስላልነበርሽ ነው የወደቅሁት። አንቺ 'ፈራሽ' አልሽኝ። አልፈራሁም እማዬ። መኪና ለብቻዬ አቁሜ ስለማላውቅ ነው።"

"ሥራዬ ነበር" አሉ እትዬ ቀስ። "ሰው እንዳይሞት ነው..."

"አውቃለሁ።"

እትዬ ቀስ የራስ ቁራቸውን ጭናቸው ላይ አዙረው አዙረው ተመለከቱት።

"አላመንኩሽም ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ማንንም አላመንኩም፤ ካንቺ ግን የባሰ ነበር። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን አንዳንዴ እግሬን አነሳለሁ። ባንቺ ጊዜ አንድም ቀን አላነሳሁም። ይቅር በዪኝ።"

ልጅቱ ተጠግታ ትከሻቸው ላይ ተደገፈች። መኪናዋ እስክትበርድ እንደዚያው ቆዩ።

ሰኞ ጠዋት ብርዱ የመኪናዋን መስታወት ጤዛ አልብሶታል። ልጅቱ ቁልፉን አነሳች። እትዬ ቀስ ካፖርታቸውን በፒጃማቸው ላይ ደርበው ተከተሏት።

"ወዴት ነው?"

"እስከ ቁልቁለቱ ብቻ። በብርዱ እንዴት እንደሚይዝ ለማየት ነው።"

ልጅቱ መስታወቱን ጠራረገችና አየቻቸው። እትዬ ቀስ የፊተኛውን በር እጀታ ይዘዋል።

"ከኋላ ተቀመጪ" አለች።

ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከደኑት። የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። መኪና ውስጥ ከኋላ መቀመጥ አልለመዱም፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው፣ በመጨረሻ ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ሞተሩ ተነሳ፣ ቁልቁል ወረዱ። ከታች ያው የቆሻሻ መኪና ቆሟል። ልጅቱ ሩቅ ሳለች አልያዘችም፤ እትዬ ቀስ "አሁን" ሊሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ፣ መልሰው ዋጡት። ልጅቱ ባሰበችው ቦታ ላይ ረገጠች። መኪናዋ ዝግ አለች፣ ዝግ አለች፣ ከገንዳው ብዙ ርቀት ላይ ቆመች። ሠራተኛው ዞር ብሎ አያት፣ አወቃት፣ ኮፍያውን ነካ አደረገላት።

ልጅቱ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ወደ ኋላ አልዞረችም። "ይዟል" አለች፣ ለራሷ። የቆሻሻው መኪና መንገድ እስኪለቅ ይጠብቃሉ። እትዬ ቀስ የሚጠብቁት መስታወት፣ የሚቆጣጠሩት መሪ፣ የሚይዙት ፍሬን ስለሌለ፣ አንገታቸውን ወደ ጎን መልሰው በመስኮቱ አዩ። ከመንገዱ ማዶ አንድ ዳቦ ቤት መብራቱን አብርቷል፤ ውስጥ አንዲት ሴት ትሪ ትደረድራለች።

"ይሄ ዳቦ ቤት መቼ ነው የተከፈተው?"

"እማዬ!" ልጅቱ ሳቋ አመለጣት። "እኔ ተማሪ እያለሁ ነዋ!"

"ወይ ጉድ" አሉ እትዬ ቀስ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ዞረው፣ ከዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ አዩት።